ለበሩ ስንት ልላክ?

እህቴ ከአሜሪካ የምትደውለው ብዙ ጊዜ እሁድ ማታ ነው። እሷ ያለችበት ሲልቨር ስፕሪንግ ቀትር ሲሆን እኛ ዘንድ እራት ተበልቶ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ነው። በ2017 ዓ.ም. የጥር ወር ላይ ደውላ፣ ሰላምታው እንዳለቀ የጠየቀችኝ አራት ቃል ብቻ ነበር። "ጋሼ፣ ለበሩ ስንት ልላክ?"

በሩ የእናታችን በር ነው። ጉለሌ የሚገኘው የእናታችን ግቢ በር የደርግ ጊዜ ላሜራ ነው። በየሁለት ዓመቱ አረንጓዴ ቀለም እየቀባን አቆይተነዋል። ቀለሙ ግን ከላይ እንጂ ከታች አልያዘለትም፤ እግሩ በዝገት ተበልቶ የጎረቤት ድመት እንደልቧ ትገባበታለች። እህቴ ባለፈው ለፋሲካ መጥታ አይታዋለች። ምንም አላለችም ነበር። አሁን በስልክ ስታወጣው ግን፣ "ሰፈርተኛው ልጆቿ ጥለዋት ጠፉ እያለ ነው የሚያልፈው" አለችኝ። ስለዚህ ስቴንለስ ይሁን፣ ቀለም የሚባል ነገር ድጋሚ አይነካው፣ እኔ እልካለሁ፣ አንተ አሠራ።

"ስንት ልላክ?" ለሚለው ግን መልስ አልነበረኝም። ዋጋ ሳልጠይቅ ቀርቼ አይደለም። ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት የራሴን በር አሠርቼ፣ የተነገረኝ ዋጋና የከፈልኩት ገንዘብ ለየቅል ሆነውብኝ ስለነበር ነው። አንባቢም እንዲህ ያለ ሥራ ከማሠራቱ በፊት ቢያውቀው የሚጠቅመው ነገር ስላለ፣ የራሴን ጉድ ሳልደብቅ ላውጋው።

በ2016 ዓ.ም. የሰኔ ወር ላይ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ሄጄ፣ "ስቴንለስ በር ካሬው ስንት ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ገበያው የሚጠየቀው እንደዚህ ነው፤ ካሬው ስንት ነው? 12,000 ብር አሉኝ። የበሬ ስፋት 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.40 ነው። 9.6 ካሬ ማለት ነው። በ12,000 ሲባዛ 115,200 ብር። ባለቤቴ የዕቁብ ዕጣ ደርሷት ስለነበር 60,000 ብር ቀብድ ቆጥሬ ሰጠሁ። ወረቀት? ወረቀትማ የለም። ሕግ ተምሬ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሰው "በጽሑፍ አድርጉት" ስል ኖሬ፣ ለራሴ ስሆን የሠራተኛውን ፊት አይቼ አመንኩት። ምስክሬ ሻይ ያቀረበችልን ልጅ ብቻ ነበረች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስቴንለስ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ነሐሴ ላይ ስልኬ ጮኸ። "ጋሼ፣ ዕቃው ጨምሯል። 35,000 ብር ይጨመርልኝ።" የሕግ ሰው ነኝና ወዲያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1764ን ጠቀስኩለት። የውሉ አፈጻጸም ከታሰበው በላይ ከባድ ቢሆንም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ሰውየው በትሕትና አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ "ጋሼ፣ ሕጉ ብረት ይሸጥልኛል?" አለኝ። ምን ይመለሳል? በ20,000 ተስማማን። በሩ 135,200 ብር ሆነ።

ክረምቱ ሳይወጣ ተተከለ። ሲያዩት መስተዋት ነው፤ ባለቤቴ ሰፈሩን ቡና ጠራች። ኅዳር ላይ ግን በብየዳው መስመር ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ታየ። አይዘግትም የተባለ በር ዛገ። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቴ መኪና ልታስወጣ ትልቁን ተካፋች ስትከፍት የላይኛው ማጠፊያ ከነብሎኬቱ ተነቅሎ መጣ። እሷ ዘልላ ተረፈች፤ በሩ የመኪናውን ስፖኪዮ ይዞ ወረደ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ የጎረቤት ልጆች ያ በር ላይ እየተንጠለጠሉ ይጫወቱ እንደነበር አስታውሼ ለብዙ ቀን ሆዴ ሲረበሽ ነበር።

ምሰሶውን አፍርሶ ለማሠራትና ማጠፊያውን ለመለወጥ 31,000 ብር ወጣ። ቁልፉም በዋጋው ውስጥ ስላልነበረ ለብቻው 6,500 ብር ተገዝቷል። ጠቅላላው 172,700 ብር። ለ9.6 ሲካፈል፣ 12,000 ብር የተባለው ካሬ 18,000 ብር ሊሞላ የቀረው 10 ብር ነው። ስፖኪዮውን አልጨመርኩም።

ስለዚህ ለእህቴ "እስቲ አንድ ሁለት ሳምንት ስጪኝ" አልኳትና በዚህ ጊዜ ከዋጋው በፊት ዕቃውን ማጥናት ጀመርኩ።

ስቴንለስ ማለት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም የተቀላቀለበት ብረት ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል። ይህ ሽፋን ሲጫር መልሶ ራሱን ይተካል፤ ከቀለም የሚለየው በዚህ ነው። ነገር ግን ስቴንለስ አንድ ዓይነት አይደለም። ለበር ሥራ ገበያ ላይ በብዛት የሚነሱት 201 እና 304 የሚባሉት ናቸው። 304 የሚባለው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። ኒኬል ውድ ስለሆነ በ201 ውስጥ መጠኑ ተቀንሶ በምትኩ ማንጋኒዝ ይገባል። ክሮሚየሙም ያንሳል። ሁለቱ ሲወለወሉ ማንም በዓይኑ አይለያቸውም። ልዩነታቸው የሚታወቀው ዝናብ ሲመታቸው፣ ያውም ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። 316 የሚባልም አለ፤ ሞሊብዲነም ተጨምሮበት የባሕር ጨው የሚቋቋም ነው። ጅቡቲ ለሚሠራ ቤት ይሁን፤ ከባሕር ርቆ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለተቀመጠው አዲስ አበባ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

"ማግኔት አስጠጋበት፣ ካልያዘ ኦሪጅናል ነው" የሚል ምክር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። ማግኔት ተራውን ብረትና 430 የሚባለውን ርካሽ ስቴንለስ ይለያል። 201ን ከ304 ግን አይለይም፤ ሁለቱም ማግኔት አይስባቸውም፤ ሲታጠፉና ሲቆረጡ ደግሞ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ሊሳቡ ይችላሉ። በዕቃው ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ ላይ "304" ተብሎ መጻፉም ማስረጃ አይሆንም፤ ፕላስቲክ ላይ የፈለጉትን መጻፍ ይቻላል። ማንጋኒዝ የሚያሳይ የፈሳሽ ጠብታ መፈተሻ አለ፤ የያዘ ነጋዴ ካገኛችሁ ፊታችሁ ያስጠብላችሁ። ካልሆነ የሚቀራችሁ ዕቃው የተገዛበት፣ ዓይነቱ የተጻፈበት ደረሰኝ ነው።

ከዓይነቱ ይልቅ ኪስ የሚነካው ግን ውፍረቱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ አለ፤ የ1 ሚሊ ስቴንለስ ላሜራ 1 ካሬ ሜትሩ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 0.6 ሚሊ ከሆነ ካሬው 5 ኪሎ አይሞላም። 1.2 ሚሊ ከሆነ 10 ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሁለቱም "ስቴንለስ በካሬ" ተብለው ይሸጣሉ፣ አንዱ ግን የሌላው እጥፍ ብረት አለው። ነጋዴው ብረቱን በኪሎ ገዝቶ ለእኛ በካሬ ይሸጥልናል፤ ትርፉም ተንኮሉም እዚያ መሀል ነው። እኔ የራሴን በር በጣቴ ስጫነው ቆርቆሮ ይመስል ሲሰረጉድ ነበር የነቃሁት።

ዝገቱስ ከየት መጣ? ይህን ያስረዳኝ ኋላ የእናቴን በር የሠራው ባለሙያ ነው። ስቴንለስ በራሱ ኤሌክትሮድ፣ በተሻለ ሁኔታ ደግሞ በአርጎን መበየድ አለበት። ጥቁር ብረት ሲቆርጥ የዋለ ዲስክ ስቴንለሱን ቢነካው፣ ወይም አጠገቡ ጥቁር ብረት ሲፈጭ ፍንጣሪው ቢያርፍበት፣ ደቃቅ ብረት ላዩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል። ሲበየድም በሙቀት ሰማያዊና ቡናማ ሆኖ የሚጠቁረው ቦታ ካልጸዳ ያ መከላከያ ሽፋን እዚያ ላይ ይደክማል። የእኔ በር የተሠራው የመስኮት ፍርግርግና የውኃ ማማ በሚበየድበት አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ምን እንደማይ ግን አላወቅሁም።

ሌላም አለ። ስቴንለስ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፣ ሲሞቅ ደግሞ ከተራ ብረት ይበልጥ ይለጠጣል። ለዚህ ነው ስስ ላሜራ ሲበየድ እንደ ውኃ ማዕበል የሚሆነው። በፀሐይም እንደዚያው ነው፤ 4 ሜትር ስፋት ያለው በር በሌሊትና በቀን መካከል የገላው ሙቀት በ40 ዲግሪ ቢለያይ 3 ሚሊ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ይረዝማል። በተካፋቾቹ መካከል ክፍተት ያልተወለት በር ከሰዓት በኋላ አልከፈት የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ለምታሠሩ ይህን አጥብቃችሁ ያዙት።

በእንዲህ ያለ ትጥቅ ሦስት ሥራ ቤት ዞርኩ። የእናቴ በር ስፋቱ 3.60፣ ቁመቱ 2.30፣ ማለት 8.28 ካሬ ነው። የመጀመሪያው 14,500፣ ሁለተኛው 19,000፣ ሦስተኛው 26,000 ብር ካሬውን አሉኝ። 120,060፣ 157,320 እና 215,280 ብር መሆኑ ነው። የመጀመሪያውና የሦስተኛው ልዩነት 95,220 ብር! ይህ የእኔ የጥር 2017 ዓ.ም. ገጠመኝ እንጂ የገበያው ዋጋ ይህ ነው ማለቴ አይደለም፤ አንባቢ ዛሬ ሲጠይቅ ሌላ ይባል ይሆናል። መታየት ያለበት ቁጥሩ ውስጥ ያለው ነገር ነው።

ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቀረብኩ። ዓይነቱ 201 ነው 304? ላሜራው ስንት ሚሊ ነው? ፍሬሙ ራሱ ስቴንለስ ቱቦላሬ ነው ወይስ ጥቁር ብረት ላይ ስቴንለስ የለበሰ? ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ መቀርቀሪያ፣ ማጓጓዣና ተከላ ውስጡ ነው ውጪ? 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ታስቧል?

ርካሹ 201፣ 0.6 ሚሊ፣ ፍሬሙ ጥቁር ብረት ሆኖ ተገኘ። ማጠፊያው፣ ቁልፉ፣ ማጓጓዣና ተከላው ሲደመር 27,500 ብር ይጨምራል፤ 147,560 ብር ደረሰ። ደረሰኝ የለም። መካከለኛው 304፣ 0.8 ሚሊ ነው፣ ፍሬሙም ስቴንለስ፤ ማጠፊያው ግን ተራ ብረት ነው። ታክሱ ሲጨመር 180,918፣ ቁልፉ 6,500፤ 187,418 ብር። ውዱ 304፣ 1.2 ሚሊ፣ ሁሉም ነገር ከነታክሱ ውስጡ ነው፤ ከ215,280 ብር አንድ ሳንቲም አይጨምርም። በካሬ ሲጠየቅ ውዱ የርካሹ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ነገሩ ሲዘረዘር ግን ልዩነቱ 67,720 ብር ሆነ፤ ያውም ርካሹ ላይ ያለው ብረት በሚዛን የውዱ ግማሽ ነው።

ለንጽጽር ብዬ የተራ ላሜራ በርም ጠይቄ ነበር፤ ካሬው 7,000፣ ጠቅላላው 57,960 ብር። ሐቁን ለመናገር፣ ጸረ ዝገት በደንብ ተቀብቶ እግሩ ከመሬት አምስት ጣት ከፍ ብሎ የሚሠራ የላሜራ በር ለአዲስ አበባ አየር በቂ ነው። የእናቴ በር የበሰበሰው ላሜራ ስለሆነ አይደለም፤ ጎርፍ የሚተኛበት ቦታ እግሩ መሬት ነክቶ ስለተተከለ ነው። ይህን ለእህቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "ጋሼ፣ እኔ እኮ ብረት አይደለም የምገዛው" አለች። ገባኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ላሜራ አላነሳሁም።

እናቴ ደግሞ የራሷ ጥያቄ ነበራት፤ "ብቻዬን ልከፍተው እችላለሁ ወይ?" ሰማንያ ካለፋት ቆይቷል። በሩን ለመክፈት ሰው መጥራት አትወድም። "የመኪና በሩንስ ምን ያደርግልሻል? መኪና የለሽ፣ ጠበብ እናድርገው" ብላት፣ "ሬሳዬ በየት ሊወጣ ነው? ድንኳኑስ በየት ይግባ?" ብላ ዘጋችኝ። ስፋቱ እንዳለ ቀረ። ግን ሁለቱን ተካፋቾች እኩል ከማድረግ አንዱን 2.50፣ ሌላውን 1.10 አደረግነው። ትንሹ የሰው መግቢያ ነው፤ ትልቁ ለድንኳንና ለእህል ጭነት ይከፈታል። በ1 ሚሊ ላሜራና 60 በ40 በሆነ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ በሆነ ቱቦላሬ ስናሰላው ትንሹ 40 ኪሎ ገደማ፣ ትልቁ 85 ኪሎ ገደማ መጣ። 40 ኪሎ ኩሽኔታ ባለው ማጠፊያ ላይ ሲንጠለጠል ለአሮጊት እጅ አይከብድም። ትልቅ በር ላይ ትንሽ በር ቀድዶ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳው ፍሬሙን ያዳክመዋል፣ ደፉም ለሽማግሌ እግር እንቅፋት ነው።

በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት በር እንድናሠራ የመከረንም ነበር። በእኛ ሰፈር ጭቃና ጠጠር ሐዲዱ በየሳምንቱ ካልተጠረገ አይሄድም፤ መጨረሻው ላይ ጠንካራ ማቆሚያ ካልተበየደለት ደግሞ ከሐዲዱ ወጥቶ ሰው ላይ ይወድቃል። ሞተሩንማ ተዉት። መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚፈታበት ቁልፍ የት እንዳለ እናቴን ማስተማር ነበረብኝ።

ገንዘብ በማይታሰብበት ቦታ የሚወጣው ለምሰሶው ነው። በር የሚሸከመው ምሰሶ እንጂ በሩ ራሱን አይሸከምም። የእኔ ምሰሶ ባዶ ብሎኬት ተደርድሮ ሲሚንቶ የተለሰነ ነበር፤ ፌሮ የለውም። ለእናቴ ግን ግንበኛ መጥቶ ቀፎውን አንኳክቶ አየና ትልቁ ተካፋች የሚንጠለጠልበት ምሰሶ እንዲፈርስ ፈረደ። ባለ 12 ሚሊ 4 ፌሮ ገብቶበት፣ መሠረቱ ወርዶ፣ ማጠፊያው የሚበየድበት ብረት ከፌሮው ጋር ታስሮ ኮንክሪት ተሞላ። 28,000 ብር። በር ሠሪውና ግንበኛው ሳይነጋገሩ ሥራ ከተጀመረ ይህ ገንዘብ ሁለት ጊዜ እንደሚከፈል ከእኔ ተማሩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ወረዳ መጠየቅም አለ። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ በከተማዋ ስንት አጥር እንደፈረሰና እንደተነሳ ሁላችንም አይተናል። መንገድ ዳር ያለ ሰው አጥሩ በፕላን የሚነካ መሆን አለመሆኑን ሳያረጋግጥ 200,000 ብር የሚያወጣ በር ባይተክል መልካም ነው።

አሁን ወደ እንጀራዬ ልመለስ፤ ወደ ውሉ። መካከለኛውን ሥራ ቤት መረጥን። ውዱ ዕቃው መልካም ሆኖ ሳለ 80 በመቶ ቅድሚያ ካልተከፈለኝ አለ። መካከለኛው ላሜራውን ወደ 1 ሚሊ ከፍ አድርጎ፣ ማጠፊያውን ስቴንለስ አድርጎ፣ ቁልፉን ጨምሮ በካሬ 21,000 ብር ተስማማ። 173,880 ብር፤ ከታክስ ጋር 199,962 ብር።

በሕጋችን በመርህ ደረጃ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ ቁጥር 1719 ነው። የቃል ውልም ውል ነው ማለት ነው። ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። ሠራተኛው "ካሬውን እንጂ ሚሊውን መች ተነጋገርን?" ቢል ምን ይዤ እቀርባለሁ? ስለዚህ አንድ ገጽ ጻፍን፤ ሁለታችን ፈረምን፣ ሁለት ምስክር ፈረመ። ዓይነቱ፣ ሚሊው፣ የቱቦላሬው ልክ፣ የብየዳው ዓይነት፣ የተካፋቾቹ ስፋት፣ የማስረከቢያው ቀን ሁሉ ሰፈረ።

ብዙ ሰው የሚስተው የቀብድን ነገር ነው። በልማድ መጀመሪያ የሚሰጥ ገንዘብ ሁሉ ቀብድ ይባላል። በሕጉ ግን ቀብድ ጥርስ ያለው ቃል ነው። ቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። ቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቅቆ፣ የተቀበለው ወገን እጥፉን መልሶ ከውሉ መውጣት ይችላሉ ይላል። ዋጋ በሚንርበት ዘመን ሠሪው እጥፍ ከፍሎ መውጣት ሊያዋጣው ይችላል፤ አሠሪውም ሐሳቡን ቢለውጥ ገንዘቡ ቀረ ማለት ነው። እኛ መውጣት ሳይሆን በር ነበር የፈለግነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "ቀብድ" አላልንም፤ "ከዋጋው ላይ የሚታሰብ ቅድመ ክፍያ" ብለን ጻፍን። በዚያው ክፍያ ዕቃው በሳምንት ውስጥ ተገዝቶ ደረሰኙ እንዲታየኝ አደረግሁ። ዕቃው ከተገዛ በኋላ ዶላር ቢጨምር ባይጨምር እኛን አያገባንም።

ለሚዘገይበት ለያንዳንዱ ቀን 500 ብር መቀጫ ጻፍን፤ ቁጥር 1889 ተዋዋዮች ኪሣራውን አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ሠሪው ቢያጓድል ግን ወዲያው ክስ የለም። ቁጥር 1772 አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል፤ ለእኔ የሰሞኑ ማስጠንቀቂያ የስልክ ጭቅጭቅ ነበር፣ ያ አይበቃም፤ በጽሑፍ ሰጥቶ ቅጂውን ማስቀረት ይሻላል። የሕግ ተማሪዎች ይከራከሩበት ዘንድ አንድ ነገር ልተውላቸው፤ በምሰሶ የተበየደ በር በቁጥር 1132 መሠረት የቤቱ አካል ነው ከተባለ፣ ሠሪው በቁጥር 3039 እንደ ግንባታ ተቋራጭ የ10 ዓመት ዋስ ነው ማለት ይቻላል ወይ? እኔ ይቻላል ብዬ ልሟገት እችላለሁ። ለአንድ በር ብዬ ግን ከአንድ በያጅ ጋር ዓመታት ፍርድ ቤት አልመላለስም። ይልቅ ገንዘቡን በእጄ አቆያለሁ።

አከፋፈሉን የሠራነው በዚህ ሐሳብ ነው። 40 በመቶ ለዕቃ መግዣ። 30 በመቶ ፍሬሙ ተበይዶ ላሜራው ሳይለብስ፣ ሄጄ ካየሁ በኋላ። ላሜራው አንዴ ከለበሰ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ሠሪውና ፈጣሪው ብቻ ናቸው። 20 በመቶ ተተክሎ እናቴ በእጇ ከፍታ ስትዘጋው። የቀረው 10 በመቶ፣ 19,996 ብር፣ አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ። በዚህኛው ላይ ሠሪው አንገራግሮ ነበር። "ጋሼ፣ እርስዎ ሰው አያምኑም" አለኝ። ባለፈው ዓመት ብታገኘኝ ኖሮ በጣም አምን ነበር አልኩት።

ለእህቴ ደወልኩ። በሩና ምሰሶው 227,962 ብር። "ጨርሶ ነው?" አለች። ጨርሶ ነው።

መጋቢት ላይ ተተከለ። ለእናቴ ሠራተኛ ሁለት ነገር ብቻ አዘዝኩ፤ በሽቦ እንዳትፈትገው፣ በረኪናም እንዳታስነካው። የበረኪና ክሎሪን ስቴንለስን ይበላል። ውኃና ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ አለቀ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በ2018 ዓ.ም. መስከረም፣ ከሠሪው ጋር ሄደን በሩን ከላይ እስከታች ዳበስነው። ከቁልፉ ሥር የስንዴ ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ ተገኘች። ሰውየው ከኪሱ ማጽጃ አውጥቶ አሸት አሸት አደረጋት፣ አጠባት፣ ጠፋች። ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁት፣ ደረሰኝ ሰጠኝ።

እናቴ በሩን በአንድ እጇ ትከፍተዋለች። ቅሬታዋ ሌላ ነው። አሮጌው በር ሲከፈት ይጮህ ስለነበር ማን እንደመጣ ከአወዛወዙ ታውቅ ነበር፤ ይኼኛው ድምፅ የለውም፣ ሰው ሳትሰማ ደጃፏ ይደርሳል። ቃጭል አንጠልጥልልኝ አለችኝ። 350 ብር ገዛሁና አሰርኩላት፤ ይኼን ለእህቴ አላስከፈልኳትም።